ገንዳው ውስጥ ያለው ከየት መጣ? ስለ እንስሳት መኖ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሥጋ፣ ስለ ወተትና ስለ እንቁላል ክርክር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ እንስሳው ነው። ስለ ላሟ ግሳት፣ ስለ ዶሮዋ ማደሪያ ጥበት፣ ስለ ቄራው። ገንዳው ውስጥ ምን እንደተደፋ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ደግሞ ከጉዳቱ ብዙው የሚጀምረው እዚያ ነው ባይ ነኝ፤ እንስሳው ገና ሳይበላ። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መኖ ማለት ሣር አይደለም እንዴ?

ለላም፣ ለበግና ለፍየል በአብዛኛው አዎ፣ ሣርና ገለባ ነው። ለዶሮና ለአሳማ ግን አይደለም። አንድ እፍኝ የፋብሪካ የዶሮ መኖ መዳፋችሁ ላይ ዘርግፉና በጣታችሁ በተን በተን አድርጉት። ቢጫው ስብርባሪ በቆሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላዩን የሚይዘው እሱ ነው። ፈዘዝ ያለው ቡናማ ቢጤ ዱቄት ዘይቱ የወጣለት አኩሪ አተር ነው፤ ፋጉሎው። ነጫጮቹ ቅንጣቶች ለአጥንትና ለእንቁላል ቅርፊት የሚሆን የኖራ ድንጋይ ናቸው። ዓይን የማይለየውም አለ፦ ቫይታሚን፣ ጨው፣ በፋብሪካ የተሠራ አሚኖ አሲድ፣ አንዳንዴም መድኃኒት። በቆሎው ከአንድ አህጉር፣ አኩሪ አተሩ ከሌላ አህጉር የመጣ ሊሆን ይችላል። ዶሮዋ ከማደሪያዋ ሳትወጣ ባሕር ተሻግራለች ማለት ነው፤ በአፏ በኩል።

"እንስሳት የሚበሉት እኛ የማንበላውን ነው" ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ስሌት፣ የዓለም የቤት እንስሳት በዓመት 6 ቢሊዮን ቶን ገደማ መኖ ይበላሉ፤ እሱም እርጥበቱ ሳይቆጠር። ከዚህ ውስጥ 86 በመቶው ሰው የማይበላው ነው፦ ሣር፣ ገለባ፣ ቅጠል፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ። ላም ገለባን ወተት ስታደርግ እኛ የማንችለውን ሥራ እየሠራች ነው። ይህን መካድ ለማንም አይበጅም።

ቁጥሩን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የቀረው 14 በመቶ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። በዓለም ከሚመረተው እህል ሲሶ ያህሉ ወደ ገንዳ ይገባል። ሌላም አለ። በዚያው ስሌት የአኩሪ አተር ፋጉሎና ለመኖ ተብሎ የሚዘራው አልፋልፋ የተቆጠሩት "ሰው የማይበላው" በሚለው በኩል ነው። እርግጥ ነው፣ አልፋልፋ አንበላም። የተዘራበት ማሳ ግን ስንዴ ወይም ባቄላ ማብቀል ይችል ነበር። ስለዚህ እኔ መኖውን አይቼ "ሰው ይበላዋል ወይ?" ብዬ አላቆምም። መሬቱና ውሃውስ የሰው ምግብ ያበቅል ነበር ወይ? ወሳኙ ይሄ ነው።

ስሌቱ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አሳይቶኛል። አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ ለማግኘት፣ ሰው ሊበላው ከሚችለው መኖ ለሚያመሰኩ እንስሳት 2.8 ኪሎ፣ ለዶሮና ለአሳማ ደግሞ 3.2 ኪሎ ይሄዳል። ዶሮ መኖ ትቆጥባለች ሲባል እንሰማለን፤ እውነትም በጠቅላላው ሲታይ ከላም በጣም ያነሰ በልታ ነው ሥጋ የምትሰጠው። ግን ከምትበላው አብዛኛው የእኛው እህል ነው። ላም ብዙ ትበላለች፣ አብዛኛው ሣር ነው። ቁጠባ ሲባል የምን ቁጠባ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአማዞንን ደን ያስጨረሱት የአኩሪ አተር ወተት ጠጪዎች ናቸው የሚባለውስ?

ይቺን ነገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሥጋ የማይበላ ሰው ባለበት ማዕድ ሁሉ ትነሳለች። ከዓለም አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሄደው ለእንስሳት ነው። በቀጥታ ሰው ለሚበላውና ለሚጠጣው፣ ማለትም ለቶፉ፣ ለወተቱና ለመሳሰሉት የሚውለው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በዋናነት ዘይት ነው። "ፋጉሎው እኮ የዘይት ትርፍራፊ ነው" የሚሉም አሉ። ግን አንድ ኪሎ አኩሪ አተር ሲጨመቅ ዘይቱ 200 ግራም አይሞላም፤ ከሦስት አራተኛ በላዩ ፋጉሎ ነው። እንዲህ ያለው ትርፍራፊ አይባልም።

በ2006 ትልልቆቹ የእህል ነጋዴዎች በብራዚል አማዞን አዲስ ከተመነጠረ መሬት የመጣ አኩሪ አተር ላለመግዛት ተስማሙ። ሠርቷል፤ ለአኩሪ አተር ተብሎ በቀጥታ የሚወድቀው ደን በጣም ቀነሰ። እርሻው ግን አልቆመም፤ ወደ ሴራዶም ገፋ። ሴራዶ ከአማዞን በስተደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ሣርና ቁጥቋጦ የተቀላቀለበት ሰፊ ምድር ነው። ለፎቶ አይመችም፣ ግዙፍ ዛፍ የለውም። ሀብቱ ከመሬት በታች ነው፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ "የተገለበጠ ደን" ይሉታል። የብራዚል ታላላቅ ወንዞች ብዙዎቹ ከዚያ ይነሳሉ። ግማሽ ያህሉ ታርሷል ወይም ለግጦሽ ተመንጥሯል።

ወረቀት ላይ የማይታይ ዘዴም አለ። አኩሪ አተር አራሹ ቀድሞ የተመነጠረ የግጦሽ መሬት ይገዛል። እሱ ደን አልነካም፣ እጁ ንጹሕ ነው። መሬቱን የሸጠለት ከብት አርቢ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ደኑ ጠርዝ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ አኩሪ አተርና የከብት ሥጋ እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ሥራ የሚጀምርበት ቀን ግን ሲገፋ ከረመ። ሕጉ ሲጀምርም እንዲህ ያለውን ጎረቤት ለጎረቤት ሽያጭ መያዙ ይከብደዋል።

የአየር ንብረቱ ጉዳይ የላም ግሳት አይደለም እንዴ? መኖ ምን አገባው?

ግሳቱ አለ፣ ትልቅም ነው። ግን ፋኦ በ2013 ሲቆጥር ከእንስሳት እርባታ ከሚወጣው በካይ ጋዝ 45 በመቶ ገደማው መኖን ከማምረትና ከማቀነባበር የሚመጣ ነበር። ላሞች፣ በጎችና ፍየሎች የሚያገሱት ሚቴን 39 በመቶ ገደማ ነው። መኖው ቀደመ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ደን ሲመነጠር ያከማቸው ካርቦን ይወጣል። ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሲበተን የተወሰነው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ጋዝ በክብደት ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ ያሞቃል። ማዳበሪያውን ለመሥራት የተፈጥሮ ጋዝ ይነዳል። ከዚያ ማድረቁ፣ መፍጨቱ፣ መርከቡ።

ውሃና አፈሩስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ስላለ ነው።

መኖ በመርከብ ሲጓዝ የአንዱ አገር አፈር ለምነት ወደ ሌላው አገር ይጓዛል። አኩሪ አተሩ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል፣ እዚያ ያሉ አሳማዎች፣ ዶሮዎችና ላሞች ይበሉታል። ሥጋው፣ አይቡና እንቁላሉ ይሸጣል። እበቱና ኩሱ ግን እዚያው ይቀራል። ተመልሶ ብራዚል የሚሄድ የእበት መርከብ የለም። ስለዚህ አንደኛው ጋ አፈሩ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ሌላኛው ጋ ናይትሮጅኑ ተርፎ አየሩንና ውሃውን ይበክላል። በ2019 የኔዘርላንድስ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የመንግሥትን የናይትሮጅን ፈቃድ አሠራር ውድቅ አደረገው። ብዙ የግንባታና የእርባታ ፈቃድ ባለበት ቆመ፣ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው አውራ ጎዳና ሞሉ። ወሬው ስለ ገበሬና ስለ መንግሥት ነበር። መነሻው ላይ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ፋጉሎ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰፊው የበቆሎ ምድር ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ይፈሳል። ከማሳው የታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ አልጌውን ያፋፋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በ2017 በጋ ይህ "የሞተ ቀጠና" 22,700 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። በቆሎው በሙሉ ለመኖ አይሄድም፤ ትልቅ ድርሻ ለነዳጅ ኢታኖል ይውላል። ለመኖ የሚሄደውም ግን ከዚያ ብዙ የሚያንስ አይደለም።

ውሃን በተመለከተ የሳውዲ አረቢያን ነገር ማንሳት ይበቃል። አልፋልፋ ውሃ ጠጪ ነው። አገሪቱ የከርሰ ምድር ውሃዋ ሲመናመን አረንጓዴ መኖ በአገር ውስጥ ማምረትን ገደበች። ላሞቿ ግን መብላት አላቆሙም። አንድ የሳውዲ የወተት ኩባንያ በ2014 አሪዞና ምድረ በዳ ውስጥ እርሻ ገዝቶ፣ አልፋልፋውን ከአሪዞና ከርሰ ምድር በተቀዳ ውሃ እያበቀለ ድርቆሹን በመርከብ ይልክ ጀመር። የአካባቢው ሰዎች የጉድጓዳችን ውሃ ሸሸ ብለው ጮኹ። ድርቆሽ ይባላል እንጂ የሚላከው ውሃ ነው።

በሣር ብቻ ያደገ ከብት ይሻላል?

ከእህል ጋር አይሻማም፣ ለከብቱም ሆድ ይስማማዋል። ማረስ በማይቻል መሬት ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዕድሜው ይረዝማል፣ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ያገሳል። መሬትም ብዙ ይፈልጋል። ደን ተመንጥሮ የተዘራ ሣር የበላ ከብት "በሣር ያደገ" ተብሎ ሲሸጥ ደግሞ ቃሉ ትርጉም የለውም።

መኖ ላይ የሚጨመረው የዓሣ ዱቄት ለምን ይነቀፋል? ዓሣ በባሕር ሞልቶ የለም?

ሞልቶ ነበር ተብሎ ነው እኮ ፔሩ የደረሰባት የደረሰባት። አንቾቬታ የምትባለው ትንሽ ዓሣ በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተያዘች፤ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለዱቄት። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ኤልኒኞና ያለ ልክ ማጥመድ ተደራርበው ዓሣው ጠፋ። የባሕር ወፎች በረሃብ አለቁ።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ይደንቃል። የዓሣ ዱቄት ሲጠፋ የመኖ ፋብሪካዎች አኩሪ አተር ላይ ተረባረቡ። ዋጋው ሰማይ ሲነካ በሰኔ 1973 አሜሪካ አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች። በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ ተደግፋ የነበረችው ጃፓን ደነገጠችና ሌላ ምንጭ ፍለጋ ሄደች። ገንዘቧን ካፈሰሰችባቸው ቦታዎች አንዱ ሴራዶ ነው። አዎ፣ ቅድም ያነሳነው ሴራዶ።

ዛሬ ጉዳዩ ያለው ምዕራብ አፍሪካ ነው። በሞሪታኒያ፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ ዳርቻ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። የሚፈጩት ሳርዲኔላ የአካባቢው ሕዝብ የሚበላው ዓሣ ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ለመሥራት 4 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ ዓሣ ይፈጃል። ዱቄቱ ባሕር ተሻግሮ በኩሬ የሚረቡ ዓሦችንና ሌሎች እንስሳትን ይቀልባል። ዓሣ እያደረቁና እያጨሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ከፋብሪካ ጋር በዋጋ መወዳደር አልቻሉም። የሰው ምግብ ነጥቆ ሌላ ቦታ ያለ ሀብታም ሰው የሚበላውን ሳልሞን ዓሣ መቀለብ ከምንም በላይ ይከነክነኛል።

ለከብት ከብት ማብላት ይቻላል?

ተሞክሯል፣ ውጤቱንም ዓለም አይቶታል። ብሪታንያ ውስጥ ከቄራ የተረፈ ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለላሞች እንደ ፕሮቲን ይሰጥ ነበር። የእብድ ላም በሽታ በ1986 ተለየ። ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዲህ ያለ መኖ መስጠት በ1988 ታገደ። በ1996 በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ መንግሥት አመነ። እዚያው አገር 178 ሰው ሞተ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ከብት ታረደ።

ማንም ላሟን ሥጋ ትበላለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ዱቄት ሆኖ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ የት ታውቀዋለች? የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ የተቀነባበረ የእንስሳት ፕሮቲን ለእርባታ እንስሳት መስጠትን አገደ። በ2021 ግን በሩን ገርበብ አደረገው፦ የአሳማው ለዶሮ፣ የዶሮው ለአሳማ ይፈቀዳል፤ የራስን ዘር ማብላት አሁንም ክልክል ነው።

መኖ ውስጥ መድኃኒት ይገባል የሚባለው እውነት ነው?

ነው። በጥቂቱ በየቀኑ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እንስሳውን ቶሎ ያፋፋል፤ ሳይታመም ማለት ነው። ችግሩ ተህዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ስዊድን በ1986 ከለከለች፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2006፣ አሜሪካ ደግሞ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን በ2017። ቻይና ውስጥ በ2015 አሳማዎች ላይ የተገኘ አንድ ዘረ-መል ተህዋስያን ኮሊስቲንን እንዲቋቋሙ ያደርጋል። ኮሊስቲን ሐኪም ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲለው የሚያወጣው መድኃኒት ነው። እሱን ለአሳማ ማፋፊያ ማድረግ ምን ይሉታል?

መኖ እንስሳውን ራሱን ሊጎዳ ይችላል?

የሥነ-ምግባሩ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው።

ከብቱን እንውሰድ። ትልቁ ጨጓራው የተሠራው ለሣር ነው። ቶሎ እንዲሰባ በእህል ሲያጥለቀልቁት ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፣ ተህዋስያን በቁስሉ አልፈው ጉበቱ ላይ መግል ይቋጥራሉ። ያንን ለመከላከል መኖው ላይ መድኃኒት ይጨመራል። በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ ገንዳ።

ዶሮዋ ደግሞ የባሰ አላት። የካናዳ ተመራማሪዎች ከ1957 ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ዝርያና የ2005 የሥጋ ዶሮ ወስደው አንድ ዓይነት መኖ ሰጧቸው። በ56 ቀን የድሮው 905 ግራም፣ አዲሱ 4,202 ግራም መዘነ። ያንን ሥጋ እግርና ልብ መሸከም ያቅታቸዋል።

አሁን ወላጆቻቸውን አስቡ። ይህን የመብላት ፍላጎት ለጫጩቶቹ ያወረሱት እነሱ ናቸው። እስኪጠግቡ ቢበሉ ደግሞ ከመጠን በላይ ይወፍራሉ፣ ያነክሳሉ፣ እንቁላላቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ በማደጊያ ጊዜያቸው መብላት ከሚፈልጉት ሩብ እስከ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይሰጣቸዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ጠርገው ይጨርሱታል። የቀረውን ቀን ባዶ ገንዳ ሲኮተኩቱ፣ ሆዳቸውን በውሃ ሊሞሉ ሲሞክሩ ይውላሉ። ማደሪያቸው ሰፊ ቢሆን፣ መብራቱ ቢስተካከል፣ ሰርተፍኬት ቢለጠፍበት እንኳ ረሃቡ አይቀርም፤ በዘራቸው ውስጥ ስለተዘራ።

ዝይና ዳክዬ ጉበታቸው እንዲያብጥ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እየተከተተ መኖ ሲጨመርባቸውም የታወቀ ነው፤ በርካታ አገሮች ከልክለውታል። ያኛው ለዓይን ስለሚቀፍ ታገደ። ባዶ ገንዳ ግን አይቀፍም።

ማሳው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችስ?

አርጀንቲና፣ ኮርዶባ ከተማ ዳር ኢቱሳይንጎ አኔክሶ የሚባል ሰፈር አለ። የአኩሪ አተር ማሳው ከቤቶቹ አጠገብ ነበር፤ አውሮፕላን እየመጣ ጸረ-አረምና ጸረ-ተባይ ይረጫል። ሶፊያ ጋቲካ የምትባል እናት የተወለደች ልጇ በቀናት ውስጥ በኩላሊት ችግር ሞተችባት። እሷና ጎረቤቶቿ ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመውንና የሞተውን መመዝገብ ጀመሩ። ሐኪም አይደሉም፣ እናቶች ናቸው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ ፍርድ ቤት አንድ አራሽና አንድ የርጭት አብራሪ ጥፋተኛ አላቸው። የመኖ ዋጋ ሲሰላ ይህ የትኛውም መዝገብ ላይ አይገባም።

ነፍሳትና አዳዲስ የመኖ ቅመሞች ይፈቱታል?

በከፊል። የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ብስባሽ በልቶ ፕሮቲን ይሆናል፣ ግሩም ነው። እጩን በእህል የሚቀልቡት ከሆነ ግን መሃል ላይ አንድ ደላላ ጨመሩ ማለት ነው። ግሳት የሚቀንስ የመኖ ቅመም በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዷል፤ የወተት ላሞችን ሚቴን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሆኖም በየቀኑ ከመኖ ጋር መሰጠት ስላለበት ሜዳ ለሚውል ከብት አይመችም። ደኑንና ውሃውን ደግሞ አይነካም።

የምግብ ትርፍራፊ ለአሳማ መስጠትስ?

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ተስፋ አለኝ። የጥንት ዘዴ ነው። በ2001 ብሪታንያ ውስጥ የእግርና የአፍ በሽታ ሲነሳ፣ መነሻው በደንብ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ተገደለ። አውሮፓ ትርፍራፊውን በጅምላ ከለከለ፣ በምትኩ አኩሪ አተር አስገባ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ግን አልተዉትም፤ በፋብሪካ በሙቀት ያክሙትና ለአሳማ ይሰጡታል። ድስቱን በደንብ ማፍላት ሲቻል ድስቱን መስበር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ታዲያ እኔ ገዢው ምን ልጠይቅ?

ሥጋ የማይበላ ሰው ይህ ጥያቄ አያስጨንቀውም። የሚበላ ሰው ግን መቀነስ ይችላል፤ ከገንዳው ጥያቄዎች ብዙዎቹ በመጠን የሚወሰኑ ናቸው። ከዚያ ባለፈ አርቢ ስታገኙ "ምን ታበላለህ?" ብቻ አትበሉት፤ መልሱ "የተመጣጠነ መኖ" ነው። ፕሮቲኑ ከምንድን ነው፣ ከየትስ ይመጣል በሉት። ብዙ አርቢ ራሱ አያውቅም፤ ከረጢቱ ላይ አልተጻፈማ።

"ዕፅዋት ብቻ የበላች ዶሮ እንቁላል" የሚል ጽሑፍ ካያችሁም አትዘናጉ። ዶሮ ትል ካገኘች አትምርም፤ ዕፅዋት ብቻ በላች ማለት ትል ያለበት መሬት ላይ አልወጣችም ማለት ሊሆን ይችላል። ዕፅዋቱ ደግሞ ያው በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ከየት እንደመጣ አሁንም አልተጻፈም።